ጅረቱ የቀጠነ ዕለት

ችካሎቹን ስታጣቸው መጀመሪያ የመሰላት መንገድ የተሳሳተች ነበር። ባለፈው ሳምንት በገዛ እጇ የቸከለቻቸው ናቸው። ከጅረቱ ጠርዝ ወደ ላይ በሜትር ለክታ፣ አናታቸውን ቀይ ቀለም ቀብታ፣ ከዚህ መስመር ወዲህ ማንም እንዳይቆፍር፣ እንዳይደፋ፣ እንዳይገነባ ብላ ነበር የተወቻቸው። አሁን ግን የምታውቀው ተዳፋት ራሱ የለም። በቦታው ገልባጭ መኪና የዘረገፈው አፈር፣ የፈረሰ ግድግዳ ስብርባሪና የተጣመመ ብረት ተቆልሏል። ዳር ዳሩን የቆሙት የአኻያ ዛፎች እስከ ወገባቸው ተቀብረው፣ ቅርንጫፎቻቸው ብቻ ከአፈሩ በላይ ይወዛወዛሉ።

በማዘጋጃ ቤቱ የወንዝ ዳርቻ ተቆጣጣሪ ናት። በየሰፈሩ የምትታወቀው ግን በሥራ መደቧ አይደለም፤ «ቀይ ቀለም» ነው የሚሏት። አንዳንዱ በፍቅር፣ አንዳንዱ ጥርሱን ነክሶ። «ቀይ ቀለም መጣች፣ አጥርህን ሰብስብ» ይባባሉባታል። ለምዳዋለች።

ከቁልሉ ወዲያ የሞተር ድምፅ ሰማች። ያንን ድምፅ ከሺህ ሞተር መካከል ትለየዋለች፤ ሲነሳ እንደ ጉንፋናም ሰው ሁለት ጊዜ አስሎ ነው የሚነሳው። የወንድሟ ስካቫተር ነው።

ወንድሟ ታላቋ ነው። አባታቸው ሲሞት እሱ ትምህርቱን አቋርጦ የሰው ማሽን መንዳት ጀመረ። እሷን አስተማረ፣ እናታቸውን ጦረ፣ በስተመጨረሻም አሮጌ ስካቫተር ገዝቶ የራሱ ሰው ሆነ። እናታቸው ይህን ስታነሳ ሁሌ ትስቃለች። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ትላለች። «አንዱ ሲቆፍር ይውላል፣ አንዷ አትቆፍሩ ስትል ትውላለች።»

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች እጇን እያወናጨፈች። «አጥፋው! አጥፋው እባክህ!»

ሞተሩ ጸጥ አለ። ወንድሟ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወረደ።

«ምነው በጠዋቱ? ደህና አደርክ አይባልም?»

«ችካሎቼ የታሉ?»

«የምን ችካል?»

«የምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

አንገቱን አከከ። ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር ሲከብደው አንገቱን ያካል። «እኔ ስመጣ አልነበሩም፣ እውነቴን ነው። ገልባጮቹ ደፍተው ሄደዋል። እኔ የተባልኩት ደልድል ነው፤ እየደለደልኩ ነው።»

«ወደ ውሃው እኮ ነው የምትገፋው!»

«ከላይ ሕንፃ የሚገነባው ባለሀብት ከግርጌው የድንጋይ ግንብ ያሠራል። ከዚያ በኋላ ዝንፍ አይልም። ደግሞ ሕንፃው እዚህ ላይ አያርፍም፤ ለመኪና ማቆሚያ ነው።»

«ግንቡ መቼ ነው የሚሠራው?»

«በቅርቡ።»

«ዝናቡስ?»

«ገና ነው ዝናቡ።»

«ጋሼ፣ ስማኝ። ጅረት ማለት በበጋ የምታያት ቀጭን መስመር አይደለችም። ስትሞላ የምትተኛበት ቦታ ትፈልጋለች። አልጋዋን ነው እየደፈንክባት ያለኸው። ከመንገዱ ሥር ውሃውን የሚያሳልፈው ቱቦ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ አፈር ተንሸራቶ እዚያ ቢገባስ? ከዚያ በታች ማን እንዳለ ጠፍቶህ ነው?»

ከመንገዱ በታች ያለችው እናታቸው ናት። ወንድሟ ይህን ሲሰማ ፊቱ ቅጭም አለ። «እናቴን ለእኔ አትንገሪኝ» አለ። «እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል። ሌላው ደግሞ እንደ እኔ ተጠንቅቆ አይሠራም።» ብሎ ወደ ማሽኑ ወጣ።

እሷ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤት ሄደች።

የኃላፊዋ ቢሮ ግድግዳ በፕላን ጥቅሎች የተሞላ ነው፤ ጥቅሎቹ ጫፋቸው ተበልቶ እንደ አሮጌ ጃንጥላ ጥግ ላይ ተደግፈዋል። ኃላፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጧት፤ አዳምጠው ሲያበቁ ሻያቸውን በማንኪያ አማሰሉት። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ ቆይቷል።

«ይህ ጉዳይ ትንሽ ይቆይ» አሉ። «ባለሀብቱ ማሻሻያ ፕላን አስገብቷል።»

«ጸድቋል?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«እንግዲያው አልጸደቀም ማለት ነው።»

«ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ቦታው ላይ ያለው ማሽን የወንድምሽ ነው አሉ። ብታስቆሚው የቤተሰብ ቂም ነው ይሉሻል፤ ብትተይው ደግሞ ለዘመድ አደላች ይሉሻል። ምን አስገባሽ? ባልደረባሽ ከፈቃድ ሲመለስ ለእሱ እሰጠዋለሁ።»

እንደ አባት እየመከሯት መሆኑን አልተጠራጠረችም። የተጠራጠረችው ባልደረባዋ እስኪመለስ አፈሩ ተጠቅጥቆ፣ አስፋልት ለብሶ፣ መስመር ተሰምሮበት እንደሚጠብቀው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ «ያለቀ ነገር ማፍረስ የአገር ሀብት ማባከን ነው» የሚሏት እኚሁ ሰው ናቸው።

በደንቡ መሠረት ማንኛውም ተቆጣጣሪ አስቸኳይ አደጋ ካየ፣ ኃላፊው እስኪወስን ድረስ ሥራውን አስቁሞ ማሽኑን ማሸግ ይችላል። እስከዚያች ቀን ድረስ ያለ ኃላፊዋ ፈቃድ አድርጋው አታውቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» አለች በልቧ። ከዕቃ ክፍል የማሸጊያ ጥቅልና «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ወስዳ ወጣች።

ወንድሟ ማሸጊያውን በእጇ ሲያይ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። የማሽኑን በር ዘጋች፤ ማሸጊያውን ዳር እስከ ዳር ለጠፈች፤ ወረቀቱን ደረበችበት፤ ፈረመችበት።

«ካለሽ እኔንም ጠቅልይኝ» አለ።

«ጋሼ፣ በአንተ አይደለም እኮ...»

«በሰው ፊት?» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «የማሽኔን በር? ይሁን። ግን ከእንግዲህ ስልክ እንዳትደውይልኝ።» ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ ሄደ። ሠራተኞቹም አንድ በአንድ ዕቃቸውን ሰብስበው ተከተሉት። ከቦታው ዘበኛ በቀር ማንም አልቀረም።

አደጋውን ማስቆም ችላለች፤ ሥራዋን ሠርታለች። የወንድሟ ፊት ግን ከዓይኗ አልጠፋም። መቼም በባዶ ሆድ የሚታሰብ ነገር አይደለምና፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ እናቷ ቤት ወረደች።

የእናቷ ቤት ከመንገዱ በታች፣ ቁልቁል በሚወርደው ቀጭን መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ከጓሮው አጥር ቀጥሎ ጅረቱ ነው። እናቷ ገመድ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ስታያት ሰላም እንኳ አላለቻትም።

«ወንድምሽን አሸግሽው አሉ።»

«ማሽኑን ነው።»

«ማሽኑና እሱ ምን ለያያቸው? ደውሎ እንዴት ሆኖ እንዳወራኝ ብትሰሚ! ያሳደገሽ ወንድምሽ! ከነገሩ ጦም እደሩ ሲባል አልሰማሽም? ሌላ ሰው ልኮ ማሳሸግ አይቻልም ነበር?»

«የሚላክ ሰው አልነበረም፣ እማዬ።»

«የለም፣ አንቺ ቸኩለሽ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» እናቷ አንሶላ አራግፋ ሰቀለች፤ ከዚያ የልጇን ፊት ስታይ ትንሽ ራራች። «ግቢና ዳቦ ብዪ። ሾርባም አለ። በይ ተይው፤ ይበርድለታል። ዛሬ እንኳ ደህና ቀን ነው፤ ጅረቱም ደግ ሆኖልኛል።»

«እንዴት ደግ ሆነ?»

«ቀጠነ። ከረፋዱ ጀምሮ እየቀጠነ ሄዶ ድንጋዮቹ ሁሉ ወጡ። ያ ሽታውም የለም። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

ተቆጣጣሪዋ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጥላ ወደ ጓሮው ሮጠች። እናቷ እውነቷን ነው። ጉልበት ድረስ ይፈስ የነበረው ውሃ አሁን በድንጋዮቹ መካከል እንደ ተረሳ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ትንንሽ ዓሦች በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ጎናቸውን እያሳዩ ይፈራገጣሉ። ድንጋዮቹ ላይ ያለው አረንጓዴ ልባስ ፀሐይ ነክቶት መድረቅ ጀምሯል።

«እማዬ፣ ትናንት ከላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ ሲያጉረመርም ነው ያመሸው።»

«ታዲያ መሙላት ነበረበት እኮ። ውሃው የት ሄደ?»

እናቷ እርጥብ ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች ቆመች።

ቀጭኑን መንገድ ሽቅብ ስትሮጥ ሳንባዋ ተቃጠለ። መንገዱ ላይ ወጥታ ወደ ላይኛው ወገን ስታይ ያየችው ጅረት አልነበረም። ኩሬም አልነበረም፤ ሐይቅ ነው ማለት ይቀላል። ቡናማ ውሃ፣ ላዩ ላይ የላስቲክ ጠርሙስና ቅርንጫፍ ቀስ ብሎ እየተሽከረከረበት፣ ከአፈር ቁልሉ እስከ መንገዱ ተኝቷል። የቱቦው አፍ አይታይም። የዘበኛው ጎጆ ደጃፍ ውሃ ነክቶታል፤ ዘበኛው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ላይ እየወጣ ነው።

«ምን ተፈጠረ?»

«ጠዋት የተገፋው አፈር ቱቦውን ማነቅ ጀምሮ ነበር» አለ ዘበኛው እያለከለከ። «እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ደግሞ ግርጌው ተናደ። ሁለት ዛፎች ከነሥራቸው ሄደው እዚያ ተቀረቀሩ።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማን ልናገር? ማን አለ? ሥራ ተዘግቷል ብላችሁ ሁሉም ሄደ።»

ሰውየው ሊወቅሳት አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገረው። እሷ ግን በጥፊ የተመታች ያህል ተሰማት። ስካቫተሩ ከቁልሉ ጫፍ ፈንጠር ብሎ፣ ማሸጊያዋን እንደ መቀነት ታጥቆ ቆሟል። ረጅም ክንዱ ዛፎቹን ለመንቀል የሚችል ከሰፈሩ ሁሉ ብቸኛው ነገር ነው። ያንን ያስቆመችው እሷ ናት።

ተራራው አልታይ ብሏል፤ ጥቁር ደመና ውጦታል። ነጎድጓዱ ሩቅ ነው፣ ግን መሬቱን ሲያንቀጠቅጥ በጫማዋ በኩል ይሰማታል።

ለወንድሟ ደወለች። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደግማ ደወለች። ዘጋው። ለአደጋ መከላከያ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳችው ሴት ጨዋ ነበረች፣ ማሽኖቻቸው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ መሆናቸውንና ሲመሽ ሊደርሱ እንደሚችሉ ነገረቻት። ለኃላፊዋ ደወለች። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በጽሑፍ አቅርቢልኝ» ብለው ዘጉባት። በዚህ መካከል ከመንገዱ ጠርዝ አንድ የአፈር ጉርሻ ተገምሶ ውሃው ውስጥ ጥልቅ አለ። ቀና ብላ ስታይ መንገዱ ላይ ገና ትናንት ያልነበረ ቀጭን ስንጥቅ አየች።

ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ስሚኝ፣ አታቋርጪኝ። ቱቦው ተደፍኗል። ውሃው ሁሉ ከመንገዱ በላይ ተከማችቷል። መንገዱ ከለቀቀ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣባችሁ። ለጋሼ ደውይለት፤ የእኔን አያነሳም። ከዚያ ጎረቤቱን ሁሉ ይዘሽ ከዚያ ውጪ።»

«ልብሴ አልደረቀም እኮ» አለች እናቷ። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ስትደነግጥ ትንሿን ነገር ትይዛለች።

«እማዬ!»

እናቷ በለሆሳስ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለች። «እኔ ደግሞ ደግ ሆነ ብዬ...» ስልኩ ተዘጋ።

ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ ኋላ ስትጠየቅ መናገር አልቻለችም። ስንጥቁን ስታይ፣ ደመናውን ስታይ፣ መኪኖች እንዳያልፉ መንገዱ መካከል ቆማ እጇን ስታወናጭፍ፣ አንዱ ሹፌር ሲሰድባት፣ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች እጇ ላይ ሲያርፉ ብቻ ታስታውሳለች። ከዚያ ወንድሟን አየችው። ከታክሲ ዘሎ ወርዶ በሩን እንኳ ሳይዘጋ እየሮጠ ነበር።

ሰላም አላላትም። ውሃውን አየ፣ ዛፎቹን አየ፣ ስንጥቁን ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። ከዚያ ወደ ማሽኑ ሄዶ ከማሸጊያው ፊት ቆመ።

«ይህን ማን ይፍታው?»

ደንቡ ይህንንም ይላል፤ የታሸገ ማሽን የሚፈታው በኮሚቴ ፊርማ ብቻ ነው። እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ማሸጊያውን በሁለት እጇ ይዛ በጣጠሰችው። ወረቀቱ ከነፊርማዋ ጭቃ ላይ ወደቀ።

«ይይዙሻል» አለ።

«ይያዙኝ።»

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሳ። ወንድሟ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «ቁልሉ ለስላሳ ነው፣ አይችለኝም» አለ። «በመንገዱ ላይ ሆኜ ነው የምጎትታቸው። በአንዴ አልከፍተውም፤ አንዱን ዛፍ አውጥቼ ውሃው እስኪቀንስ እጠብቃለሁ። አንቺ እናቴ ጋ ውረጂ።»

«መንገዱ ተሰንጥቋል፣ ጋሼ!»

«አይቼዋለሁ። ውረጂ አልኩሽ! እዚህ ቆመሽ በቀለም ልትይዢው ነው?»

ወረደች። ዝናቡ አሁን በደንብ ይዟል። እናቷ የገዛ ቤቷን ክፍት ትታ ጎረቤቶቿን ታስወጣለች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ካልወሰድኩ ብላ ከነእግሩ ልታነሳው ትታገል ነበር፤ እናቷ በአንድ ወገን፣ ተቆጣጣሪዋ በሌላ ወገን ይዘው ሽቅብ ተሸከሙት። አንድ ጡረተኛ አዛውንት «እኔ እዚህ ቤት ስንት ዝናብ አሳልፌ!» ብለው በራቸውን ዘጉ። እናቷ በሩን በቡጢ እየደበደበች «እርስዎ ዝናቡን አሳለፉ፣ ይሄኛው ግን እርስዎን ነው የሚያሳልፈው! ይውጡ!» ስትል፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ከላይ የሞተሩ ድምፅ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ቁጥር ተቆጣጣሪዋ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

ከዚያ ከቱቦው ውስጥ ጩኸት መጣ። ውሃው ነው። የመጀመሪያው ዛፍ ወጥቷል ማለት ነው። የደረቁት ድንጋዮች በቅጽበት ተሸፈኑ፤ ጅረቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ አልፎትም ጓሮዎቹ ውስጥ ገባ። ቀስ ብሎ፣ እየደጋገመ፣ ግን በአንዴ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ከላይኛው መንገድ ዳር በዝናብ ውስጥ ቆሞ ያያል።

እሷ ወደ ወንድሟ ተመልሳ ስትሮጥ ክንዱ ሁለተኛውን ዛፍ ይዞ ነበር። ሥሩ ከአፈሩ ውስጥ እንደ ጥርስ እየተነቀለ ነው። ሐይቁ ወርዷል፤ ጠርዙ ላይ ሰፊ የጭቃ መስመር ትቷል። በዚያው ቅጽበት መንገዱ ከሥሯ ሲያቃስት ሰማች። ስንጥቁ አፉን ከፈተ።

«ጋሼ! ተወው! ውጣ!»

የሰማት አይመስልም። ክንዱን አንድ ጊዜ ጨምሮ ሳበ። ዛፉ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ውሃው በቱቦው ውስጥ እንደ ጎርፍ ተለቀቀ፤ ስካቫተሩም በአንድ ጎኑ ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ ከብት፣ ወደ ውሃው አዘነበለ። በሩ ሲከፈት አየች። ሲዘል አየች። ከዚያ ጭቃና ብረት ተደባልቆ ምንም አላየችም። በደረቷ ተንፏቃ ወደ ጠርዙ ስትደርስ ወንድሟ በአንድ እጁ የዛፉን ሥር ጨብጦ ተንጠልጥሏል፤ ሌላኛው ትከሻው ከቦታው ወጥቷል። ዘበኛው እግሯን ያዘላት፣ እሷ አንገትጌውን ያዘች። ሸሚዙ እስኪቀደድ ጎተቱት።

አስፋልቱ ላይ ተጋድመው ዝናቡ ሲወርድባቸው እሱ ማሽኑን ያይ ነበር። ከውሃው በላይ የቀረው የክንዱ ጫፍ ብቻ ነው። እናቱ እስክትመጣ አላለቀሰም። እናቱ ደርሳ የተንጠለጠለ ክንዱን ስታይ ግን ጭንቅላቱን ጉያዋ ውስጥ ከተተ።

በዚያ ቀን ማንም አልሞተም። የእናቷ ጓሮ አጥር ሄዷል፤ ጭቃው እስከ አልጋዋ ደርሷል፤ የልብስ ሰፊዋ ቤት አንድ ግድግዳ ወድቋል። ውሃው በሙሉ ተከማችቶ ከመንገዱ ጋር አንድ ላይ ቢወርድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሰፈርተኛው ለሳምንታት ሲያወራው ከረመ፤ ተቆጣጣሪዋ ግን ወሬው በተነሳ ቁጥር ሰበብ ፈልጋ ትወጣ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው አዲስ ቦት ጫማ አድርገው ከብዙ ሰዎች ጋር መጡ። እየጠቆሙ «ይህ መቼም የማይታለፍ ጥፋት ነው» አሉ። ዘበኛው በእጁ አፉን ሸፍኖ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲል የሰማው ብዙ ሰው ነው። ባለሀብቱ ከወሰን መስመሩ አልፎ የገባውን አፈር በሙሉ እንዲያወጣ ታዘዘ። ጠበቃ አቆመ፣ ተከራከረ፣ ግማሹን አወጣ፣ ደግሞ ተከራከረ። በመጨረሻ መኪና ማቆሚያውን ወደ ሕንፃው ጀርባ አዞረው። ሰፈርተኛው በተጋለጠው ዳርቻ የአኻያ ቅርንጫፍ ተከለ፤ የመጀመሪያዎቹን ውሃ ወሰዳቸው፤ ሌላ ተከሉ።

እሷን ኮሚቴ ጠራት። «በራስዎ ያሸጉትን ማሽን በራስዎ ፈቱት። ማሽኑ የወንድምዎ ነው። እውነት ነው?» አሏት። «እውነት ነው» አለች። ብዙ ሰው መሰከረላት፤ ያም ሆኖ ደንብ ደንብ ነው ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላትና ከመስክ ሥራ ተነሥታ ቢሮ ተቀመጠች።

ከዚያ ሁሉ የከበዳት ግን የወንድሟ ዝምታ ነው። ስካቫተሩን በሌላ ማሽን ጎትተው ሲያወጡት ሞተሩ ጭቃ ጠጥቶ ሞቶ ነበር። ባለሀብቱ አባረረው፤ ትከሻው ሲሻለው እንደ ጎረምሳነቱ ዘመን የሰው ማሽን ለመንዳት ተቀጠረ። እናታቸው ቤት ሲመጣ እሷ የሌለችበትን ሰዓት ይመርጥ ነበር። መልእክተኛዋ እናትየዋ ሆነች።

«ወንድምሽ እንዴት ናት ብሎሻል።»

«አለ?»

«አላለም። ግን ሊል ነበር፤ አፉን ሲያሞጠሙጥ አይቼዋለሁ።»

አንዳንድ ቀን እሱን ማስቆሟ ትክክል እንደነበር ታስባለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ማሽኑን ባታሽገው ኖሮ አፈሩ ሲናድ እዚያው ይደርስበት፣ ዛፎቹን ጠዋት በደረቁ ያወጣ፣ ማሽኑም ይተርፍለት ነበር ትላለች። ከዚያ ደግሞ፣ ባታሽገው ኖሮ ሲገፋ ውሎ ሌላ ስንት አፈር ይጨምርበት ነበር ትላለች። ይህን ክርክር የትኛውም ወገን አሸንፎት አያውቅም።

ዝናቡ አልፎ፣ በጋው አልፎ፣ ደግሞ ዝናብ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ስልኳ ጮኸ። ስሙን ስታየው መጀመሪያ ያሰበችው ክፉ ነገር ነው።

«እማዬ ምን ሆነች?»

«እናቴ ደህና ናት» አለ ወንድሟ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከጀርባው የማሽን ድምፅ ይሰማል። «ሥራ ላይ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እኔ አዲስ ቦታ መጥቻለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። መንገድ ነው የምንቆርጠው። ከጎኑ ውሃ አለ። ትንሽ ናት፣ እግር አታርስም። ግን ሣሩን ሳየው ወደ ላይ ድረስ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ስትሞላ እዚያ ድረስ የምትደርስ ይመስለኛል።»

«አለቃህ ምን አለ?»

«ግፋ አለኝ።»

«አንተስ?»

«እህቴን ልጠይቅ አልኩት። ሳቀብኝ።»

እሷ ቀድማ ቆማለች፤ ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ። «አትግፋ። እስክመጣ ድረስ አንድ አካፋ እንዳትገፋ።»

«አጥፍቼው ተቀምጫለሁ። ግን ቶሎ በዪ፤ ሰውየው ትዕግሥት የለውም።»

ቦርሳዋን አነሳች። በኃላፊው በር በኩል ስታልፍ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ወዴት ነው? አንቺ እኮ ከመስክ ታግደሻል» አሉ።

«ወንድሜ ጋ ነው» አለች፤ ደረጃውን ወረደች።